የሚጠብቁ ጫጩቶች፦ የሌስሊ ብራውን ሕይወትና ሥራ ከስሜን ገደል እስከ ሻላ ደሴት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከደባርቅ ወዲያ ወልቅፊት ላይ ደጋው ድንገት ይቆረጥና፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ዓመታት የቀየሱት የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለመንገድ መሐንዲስ ይህ ስፍራ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። የወፎችን ኑሮ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ሌላ ዕድል ይሰጠዋል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ቀና ብሎ የሚያየውን አሞራ እዚህ ቁልቁል ለመመልከት መቻሉ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ አጥንት ከአለት ላይ እየፈጠፈጠ የሚመገበው ጢማም አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ከእግሩ በታች ሲንሳፈፍ ያየዋል።

በ1963 ወደዚህ ገደል አፋፍ ከወጡት እንግዶች አንዱ ሌስሊ ሂልተን ብራውን ነበሩ። ስማቸው በአፍሪቃ የአዕዋፍ ጥናት ውስጥ ከፊተኞቹ መካከል ይጠራል። ንስሮችን፣ ፍላሚንጎዎችንና ፔሊካኖችን ከጎጆአቸው አጠገብ እየተከታተሉ ፎቶግራፍ በማንሣትና በመጻፍ ታውቀዋል። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ የዘመኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚለያቸው ነገር ከካሜራው ይልቅ ከማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ይገኛል። አፉን ከፍቶ እናቱን የሚጠብቅ ጫጩት ሥዕል ማንኛውንም ተመልካች ያስደስታል። ብራውን ግን ከሥዕሉ አልፈው ጫጩቱ ስንት ሰዓት እንደ ጠበቀ፣ ምግቡ ከምን ያህል ርቀት እንደ መጣለትና ስንተኛው ጫጩት ለመብረር እንደ በቃ ለማወቅ ይደክሙ ነበር።

ብራውን በ1917 በሕንድ አገር ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለዱ። በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትን ሳይንስ ካጠኑ በኋላ መተዳደሪያ ያደረጉት ሙያ ግብርና ነበር። በ1940 በእንግሊዝ የቅኝ አስተዳደር የእርሻ አገልግሎት ገብተው ወደ ናይጄሪያ ተላኩ፤ በ1946 ወደ ኬንያ ተዛወሩ። በኬንያ ከአውራጃ የእርሻ መኮንንነት ተነሥተው እስከ ዋና የእርሻ ባለሙያነት ደረሱ፤ አገሪቱ ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1963 ድረስም በመንግሥት ሥራ ላይ ቆዩ። የቅኝ አገዛዝ ሹም መሆናቸው አይካድም፤ ሥራቸውም ከዚያ ዘመን ፖሊሲ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ከዚህ ላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር ግን፣ በወፎች ላይ ያደረጉት ጥናት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ውጪ፣ በዕረፍት ቀንና በፈቃድ ጊዜ የተሠራ መሆኑ ነው። በቢሮ ሥራ የተጠመደ ባለሙያ ሁሉ የዚህን ክብደት ሊገምተው ይችላል።

በኬንያ ደጋ፣ በኤምቡ አካባቢ፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ንስሮች ተጎራብተው የሚኖሩበት አንድ ኮረብታ ነበር። ብራውን የእያንዳንዱን ጎጆ ታሪክ ከዓመት ወደ ዓመት እየተከታተሉ መዘገቡ። ከዚህ ምዝገባ ከተገኙት ውጤቶች አንዱ ባለ ዘውዱን የደን ንስር ይመለከታል። የዚህ ንስር ልጅ ክንፉ ጠንክሮ ከጎጆው ከወጣ በኋላ እንኳ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ከጎጆው አጠገብ እየቆየ ወላጆቹ ምግብ እንዲያመጡለት ይጠብቃል። ወላጆቹም በዚህ ምክንያት የሚወልዱት በየዓመቱ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ ደርሶ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ሰው ይህንን ሊያውቅ አይችልም። ጎጆውን ባዶ ባገኘበት ዓመት ንስሮቹ የጠፉ ይመስለዋል እንጂ፣ ልጅ በማሳደግ ላይ ናቸው ብሎ አያስብም።

ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያሰማው ግን በናትሮን ሐይቅ ላይ የደረሰባቸው አደጋ ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ በምሥራቅ አፍሪቃ የት እንደሚፈለፍል ለረጅም ጊዜ ምስጢር ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ1954 ብራውን በታንዛኒያና በኬንያ ወሰን አጠገብ በሚገኘው በዚህ የሶዳ ሐይቅ ላይ በአውሮፕላን ሲያልፉ የወፎቹን ጎጆዎች አዩ። ከዚያም ወደ ጎጆዎቹ በእግር ለመድረስ ሞከሩ። የሐይቁ ጭቃ ከላይ የደረቀ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ ከታች ያለው የሶዳ ጨው ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል። ብራውን ካሰቡበት ሳይደርሱ ተመለሱ። እግሮቻቸው ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ተኙ፤ ቆዳ ከሌላ የሰውነት ክፍል እየተወሰደ እንዲለጠፍላቸው አስፈለገ። ይህንና ከዚያ በኋላ ያደረጓቸውን ጉዞዎች የሚተርከው መጽሐፋቸው፣ የፍላሚንጎዎች ምስጢር የተባለው፣ በ1959 ታተመ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የጀግንነት ወሬ ሆኖ ይነገራል። ይሁንና ከጀግንነቱ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ከአደጋው በኋላም ጥናታቸውን መቀጠላቸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከኬንያ መንግሥት ሥራ በሚሰናበቱበት በዚያው በ1963 ነው። ያን ጊዜ በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑካን ቡድንም የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ መርምሮ አስተያየት ያቀረበበት ዓመት ነበር። ብራውን በስሜን ዋልያን፣ በባሌ ደግሞ የደጋ አጋዘንን ለማየት ነበር የተነሡት። የዚህ ጉዞ ታሪክ በ1965 ለንደን ላይ በመጽሐፍ ወጣ። በዚያ ዘመን ወደ ስሜን የሚገባ መንገደኛ መኪናውን ደባርቅ ላይ ትቶ ጭነቱን በበቅሎ ያስጭን ነበር። ስለዚህ ከስሜን የወጣ ማንኛውም የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ፣ ካሜራውን ከነማቆሚያው ጭነው በዚያ ዳገት ያወጡት የበቅሎ ነጂዎች ድካምም አለበት።

ስሜን ለፎቶግራፍ አንሺ ለጋስም ንፉግም አገር ነው። ጭላዳው ከሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ሰው ቢጠጋው እምብዛም አይደነግጥም፤ ቁራውም ከድንኳኑ በር ድረስ ይመጣል። የጢማሙ አሞራ ጎጆ ግን ከላይ በተሸፈነ የአለት ዋሻ ወይም ደርብ ውስጥ ነው። ከበላዩ ያለው አለት ወደ ውጪ ስለሚያጋድል ከአፋፉ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ከበታቹ ደግሞ ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ገደል አለ። የሚቀረው አማራጭ ከሸለቆው ማዶ ካለ ጉብታ ላይ ሆኖ፣ ርቀትን በሚያቀርብ ሌንስ፣ ጉም ሳይነሣ በማለዳ መጠበቅ ነው። ጎጆው በቀንበጥ ተሠርቶ በበግ ጠጕርና ባገኙት ልስልስ ነገር ይነጠፋል። እንቁላሉ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ለመብረር የሚደርሰው ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ይህ አንድ ጫጩት ከዚያ ደርብ ላይ አራት ወር ያህል ይቀመጣል።

የሚጠብቀውም ምግብ ከሌሎች ጫጩቶች ሁሉ የተለየ ነው። ወላጆቹ የሚያመጡለት ሌሎች ጥንብ አንሳዎች ሥጋውን ጨርሰው የተዉትን አጥንት ነው። ትንሹን እንዳለ ይውጡታል፤ ትልቁን ከፍ ብለው ከጠፍጣፋ አለት ላይ ይለቁታል፤ ካልተሰበረም አንሥተው ደግመው ደጋግመው ይጥሉታል። የጨጓራቸው አሲድ ብርቱ ስለሆነ አጥንት ይፈጭላቸዋል። ደረቅ አጥንት ቶሎ ስለማይበላሽ፣ ተፎካካሪም ስለማይበዛበት፣ ለገደል ጫጩት እንደ ተከዘነ እህል ይቆጠራል። ከዚህ የተነሣ ይህ አሞራ በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሰው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። በግና ፍየል በሚታረድበት መንደርና ከተማ ዳርቻ ሁሉ ይታያል። በአውሮፓና በደቡብ አፍሪቃ ብዙ ቦታዎች በጥይትና በመርዝ የጠፋው ይህ ወፍ እዚህ የቆየው ገበሬው ስላልነካው ነው። ይህን የሚያህል ምስጋና ለስሜን ገበሬ የሚሰጠው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚያነሣው በዳገቱ ላይ የሚያርሰውን ገብስና የሚታጠበውን አፈር ብቻ ነው።

በ1977 ብራውን ስለ አፍሪቃው ጢማም አሞራ ብዛት፣ የዕድሜ አከፋፈልና የመፈልፈያ ወራት ሰፊ ጥናት አሳተሙ። በገደል ላይ የማይደረስበትን ጎጆ በሌላ መንገድ ለመመርመር የሚያስችለው ሐሳብ ቀላል ነው። የዚህ አሞራ ልጅ ለበርካታ ዓመታት ጥቁር ቡናማ መልክ ይዞ ይቆያል፤ ሲጎለምስ ግን ደረቱ ወደ ዝገት ቀለም ይለወጣል። እንግዲህ በየመንገዱ የሚበሩትን ጥቁሮችና ጎልማሶች ለይቶ የቆጠረ ሰው፣ አንድም ጎጆ ሳይነካ፣ በቅርብ ዓመታት ስንት ጫጩቶች ጠብቀው እንዳገኙ ሊገምት ይችላል። የአፍሪቃ ጢማም አሞራዎች ዋና መኖሪያ የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑም የታወቀ ነገር ሆነ።

ከስሜን ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ ከደረቅ አጥንት ወደ ውሃ መውረድ ነው። የጎንደር ሰው ፔሊካንን ከጎርጎራ ዳርቻ ጣና ላይ ሲቀዝፍ ያውቀዋል፤ ጣናን ባሕር ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ ፔሊካንም የባሕር ወፍ ነው። ብዙ ሺህ ሆኖ የሚፈለፍልበት ስፍራ ግን በሻላ ሐይቅ ላይ ያለች ደሴት ነበረች። ብራውን በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር ከነበሩት ከአሜሪካዊው ኤሚል አርባን ጋር በመሆን ይህንን ሰፈር አጠኑ። ጥናታቸው በ1969 በእንግሊዝ የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች በ1971 የኢትዮጵያን አዕዋፍ ስም ዝርዝር በአንድነት አዘጋጅተው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ለዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ተማሪዎች ይህች ቀጭን መጽሐፍ ከብዙ ውድ ባለ ሥዕል መጻሕፍት የበለጠች መሣሪያ ነበረች።

የሻላ ጠባይ ለመሐንዲስም የሚያስገርም ነው። ሐይቁ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ውሃው ግን ሶዳማ ስለሆነ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ከጠባብ ኮረብታማ መሬት ማዶ የሚገኘው አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በዓሣ የተሞላ ነበር። ስለዚህ ወፎቹ ቀበሮና ጅብ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍላሉ፤ ምግባቸውን ግን ከአብያታ ያመጣሉ። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያርገበገበ ኮረብታውን ለመሻገር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። በመሆኑም ፀሐይ መሬቱን አሙቃ የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይቆያል፤ ከዚያም በዚያ አየር ላይ እየዞረ ከፍ ይልና ሳይደክም ይሻገራል። የጫጩቱ ቁርስ በአየሩ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል።

ጫጩቱ ሲፈለፈል ራቁቱን ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ለስላሳ ላባ ያወጣል። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ቢሆንም የሚያድገው በአብዛኛው አንዱ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሞላው ጎጆውን ትቶ ከእኩዮቹ ጋር እየተጠጋጋ መንጋ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ምንጣፍ ይመስላል። ወላጅ ዓሣ ይዞ ሲመለስ በዚያ መንጋ መካከል የራሱን ልጅ ለይቶ ያገኛል፤ የሌላውን ልጅ በምንቃሩ እየገፋ ያባርራል። የታወቀው ልጅ ራሱን እስከ አንገቱ ድረስ ወደ ወላጁ ጉሮሮ ይከታል፤ ወላጁ የሚውጠው እስኪመስል ድረስ።

በዚህ ጊዜ የሚታይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። አንዳንዱ ጫጩት በመመገቢያው ሰዓት ከመሬት ላይ ይወድቅና ይንፈራገጣል፤ ክንፉን ያራግባል፤ የገዛ ክንፉን ይነክሳል፤ የሚጥል በሽታ የያዘው ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ይህ ምግብ የመለመን ጠባይ አካል እንጂ ሕመም አይደለም። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይህችን ቅጽበት ብቻ ይዞ ቢመለስ፣ የሚሞት ጫጩትን ሥዕል አመጣሁ ብሎ ያምናል፤ የሚያየውም ሰው ያምነዋል። ፊትና ኋላ ያለውን ደቂቃ የመዘገበ ሰው ግን አይሳሳትም። የብራውን የማስታወሻ ደብተር ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የፎቶግራፍ አንሺው የራሱ መገኘት ነው። ፔሊካን በተለይ ጎጆ በሚሠራበትና በሚታቀፍበት ጊዜ ሰው ከቀረበው ይነሣል፤ ሰፈሩን በሙሉ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ወላጆቹ ሲነሡ አባ ኮዳና ነጭ ጥንብ አንሳ እንቁላልና ጫጩት ለመንጠቅ ይደርሳሉ። እነርሱ ባይመጡ እንኳ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ራቁቱን ያለ ጫጩት ለመግደል ረጅም ጊዜ አይፈጅባትም። ስለዚህ ምግብ የሚጠብቅ ጫጩት ከቅርብ ለማንሣት የሄደ ሰው፣ በመሄዱ ብቻ ጥበቃውን ሊያስረዝመው፣ አልፎም መጨረሻ የሌለው ሊያደርገው ይችላል። ከመሸሸጊያ ዳስ ውስጥ ገና ሳይነጋ ገብቶ እስኪመሽ ድረስ አለመውጣት፣ ወይም ጫጩቶቹ መንጋ እስኪሠሩ መታገሥ፣ ወይም ከጀልባ ላይ በረጅም ሌንስ ማንሣት ግድ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚገኘው ሥዕል ብዙ ጊዜ ደብዛዛና ከሩቅ የተነሣ ነው። ደብዛዛው ሥዕል የተሻለው መሆኑን ለአርታኢ ማስረዳት ግን በማንም ዘመን ቀላል አልነበረም።

ፔሊካኖቹን የጎዳቸው ግን በመጨረሻው የፎቶግራፍ አንሺ እግር አልሆነም። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውሃ የሚያገኘው በአመዛኙ ከዝዋይ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ነው። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከሚገባበት ውሃ ጥቂት ሲጎድልበት የሚያጣው ስፋት ብዙ ነው፤ የቀረው ውሃም ሶዳነቱ ይከርራል። ከላይ በኩል ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ እየበዛ ሄደ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከሐይቁ ዳር የሶዳ አመድ ማምረቻ ተተከለ። ሐይቁ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጣ፤ ዓሣውም አለቀ። ደሴቲቱ አሁንም በቦታዋ አለች፤ ምግቡ ግን ከኮረብታው ማዶ ስለሌለ የቀድሞው ታላቅ ሰፈር ተበተነ። ለእያንዳንዱ የመስኖ ቦይ ዲዛይን ሲሠራ የተሰላው የሰብሉ የውሃ ፍላጎት ነበር። ከሻላ ደሴት ላይ ለሚጠብቀው ጫጩት የሚያስፈልገው ውሃ በየትኛውም ስሌት ውስጥ አልገባም፤ ምንም እንኳ የጫጩቱን ፍላጎት የሚያሳየው ጥናት ከ1969 ጀምሮ ታትሞ የተቀመጠ ቢሆንም።

ስሜን በአንጻሩ በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሰፈረ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ።

ብራውን ከ1960ዎቹ በኋላ በኬንያ እየኖሩ በአማካሪነትና በጸሐፊነት ሠሩ። በ1968 ከአሜሪካዊው ዲን አማዶን ጋር ስለ ዓለም ንስሮች፣ ጭልፊቶችና መሰሎቻቸው ሁለት ታላላቅ ቅጾች አወጡ። በንግግራቸው ግልጽና ቁጡ እንደ ነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይስማማሉ። በመጨረሻ የያዙት ሥራ የአፍሪቃን አዕዋፍ በሙሉ የሚዘረዝር ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ሲሆን፣ አብረዋቸው ካዘጋጁት አንዱ የሻላው ባልደረባቸው ኤሚል አርባን ነበሩ። ብራውን በ1980 ሞቱ። የመጀመሪያው ቅጽ ለንባብ የበቃው በ1982 ነው፤ ከሰጎን ጀምሮ እስከ ጭልፊት ድረስ ያሉትን ወገኖች ስለሚይዝ፣ የሻላው ፔሊካንና የስሜኑ ጢማም አሞራ ሁለቱም በዚሁ ቅጽ ውስጥ ይገኛሉ።